ሁሉ ነገር ጨጓራ አይደለም፤ ምግብ ሲዘጋን ወደ ፋርማሲ ከመሮጣችን በፊት

ሀዋሳ ላይ "ሆዴን ነፍቶኛል፣ አፌን መሮኛል፣ ምግብ ሳይ ያስጠላኛል" ካልክ ዙሪያህ ያለው ሰው በሙሉ ሀኪም ነው። ጓደኛህ ጨጓራ ነው ይልሃል፣ የስራ ባልደረባህ ኧረ ታይፎይድ ነው እኔንም እንደዛ አድርጎኝ ነበር ይላል፣ እማዬ ደግሞ ወይ ብርድ ነው ወይ ዓይን ነው ብላ ጤናዳም ፍለጋ ትወጣለች። ማታ ላይ አቶቴ ወይ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ጎራ ትላለህ፣ "ወንድሜ የጨጓራ ስጠኝ እስቲ"፣ "የቱን?"፣ "ያንን ካፕሱሉን"፣ አለቀ። ሳምንት ቆይቶ ካልተሻለህ ሲፕሮና ፍላጂል የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ይጨመሩበታል፣ ከዛ መርፌ፣ ከዛ ቫይታሚን ሽሮፕ፣ እና በወሩ ሰውየው ከጀመረበት የባሰ ምግብ የማይቀርበው ሆኖ ታገኘዋለህ። እኔ የምለው፣ ምግብ አልበላ ማለት ምልክት ነው፣ በሽታው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እና በሽታውን ለማወቅ ስንት ቀን እንደቆየና ከምን ጋር እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል፣ ኪኒን መደራረቡ ግን ምንም አይነግረንም፣ እንዲያውም ከምንውጣቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ራሳቸው ናቸው አፒታይት የሚዘጉት።

እስቲ መጀመሪያ ለምን እንደሚዘጋን እንይ። ጀርም ሲገባ የሰውነት መከላከያ የሚለቃቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፣ እነሱ አንጎል ጋ ደርሰው ረሃብን የሚቆጣጠረውን ክፍል ያዳክሙታል። ጨጓራም ስራውን ያቀዘቅዛል፣ የበላኸው ቶሎ ወደ አንጀት አይወርድም፣ ስለዚህ ሁለት ጉርሻ እንደጎረስክ ጠገብኩ ትላለህ፣ ይነፋሃል፣ ያገሳሃል፣ ያቅለሸልሽሃል። ይሄን ሰውነት ራሱ ነው የሚያደርገው፣ በሽታ ሲገጥመው እንዲህ ነው የሚሰራው። ድሮ ጤነኛ የነበረ ትልቅ ሰው ሁለት ሶስት ቀን ትንሽ ትንሽ ብቻ ቢበላ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ካልጠጣ ነው፣ በተለይ ተቅማጥና ትውከት ካለ። እኛ ቤት ግን ግልባጩ ነው የሚደረገው፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ወጥ በላይ በላዩ ይቀርባል፣ "ብላ እንጂ፣ ካልበላህ በምን ትድናለህ፣ በሞቴ ይቺን ብቻ" ይባላል፣ ውሃ ጠጣህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ፈሳሽ ነው። ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ፣ ጤና ጣቢያ ሕይወት አድን የሚሉት ማለት ነው፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል፣ ግማሹን ፓኬት በብርጭቆ በግምት አይባልም፣ መጠኑ ከተዛባ ጨውም ስኳሩም ይዛባል፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል። ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ የተቆለለ አይደለም። የሚያስመልስህ ከሆነ አንዴ በብርጭቆ ከመገልበጥ በየሁለት ሶስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ አንድ ማንኪያ ማለት ነው፣ ይሄ አሰልቺ ነው ግን ይሰራል። ለስላሳ መጠጥ ግን ተቅማጥ ላለበት ሰው ስኳሩ በጣም ይበዛል፣ አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ሽንትህ ጠቆር ካለ፣ ከተቀመጥክበት ስትነሳ ካዞረህ፣ አልጠጣህም ማለት ነው።

ምግቡስ? እዚህ ላይ እንደ ሀዋሳ ሰው ትንሽ ልኩራራ፣ ምክንያቱም ቡላ አለን። የቡላ አጥሚት ወይም ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎ ከእንሰት የሚወጣ ንጹህ ስታርች ነው ማለት ይቻላል፣ ቃጫ የለው፣ ቅባት የለው፣ ሆድ ውስጥ አይከብድም፣ ቅቤና በርበሬውን ብቻ ለሁለት ቀን መተው ነው። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቀጭን የዓሳ ሾርባም ይሄዳል። ሽሮ ግን ሁሉም ቀላል ምግብ ይመስለዋል፣ ሽምብራውም ባቄላውም ሽንኩርቱም አንጀት ውስጥ ጋዝ የሚፈጥር ነው፣ ለተነፋ ሆድ አይመረጥም። ወተትም ከተቅማጥ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሊያስቸግር ይችላል፣ አንጀት ሲጎዳ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚቀንስ፣ እርጎ ይሻላል። ቡና በባዶ ሆድ፣ እሱን ተዉት በቃ። እና በቀን ሶስቴ ሙሉ ሳህን ከመታገል አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት።

አሁን ከየት ነው የሚመጣው የሚለው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየሰፈሩ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፣ የት ነው የሚሄደው ካልን ወደ ሐይቁ ነው፣ የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል ከዛ ግን ወደ ሌላ ቦታ የሚፈስበት የለም፣ የገባው እዛው ይቀራል። አሁን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ። ጀልባዎቹ ይደርሳሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ በሚገርም ፍጥነት ይልጡታል፣ ያንኑ ቢላ ባልዲ ውስጥ ባለው ውሃ ነከር ያደርጉትና ለሚቀጥለው ዓሳ ያነሱታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱ እስኪጣልላቸው ቆመው ይጠብቃሉ፣ አንተ ደግሞ ጥሬውን በዳጣ ጠቅ አድርገህ ትጎርሳለህ። ይጣፍጣል፣ አይደለም አልልም። ግን ዳጣው አፍህን ስላቃጠለ ጀርሙንም ያቃጥለዋል ማለት አይደለም፣ ሎሚም እንደዛው፣ በሐይቁ ዓሳ ውስጥ ደግሞ የትል እጮች በጥናት ተገኝተዋል። ትሉን በረዶ እስኪሆን በደንብ ማቀዝቀዝ ይገድለዋል፣ ባክቴሪያውን ግን ቅዝቃዜ አይገድለውም፣ እሳት ብቻ ነው። የተጠበሰውን የሚበላ ሰው ሲሳቅበት አያለሁ፣ ይሳቅበት። ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ደግሞ ማፍላት ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ መጠቀም፣ ቧንቧው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ የምናውቅ ሰዎች ሮቶውንም አልፎ አልፎ ማጠብ አለብን። ነሐሴ 2014 ላይ ባሌ ውስጥ የጀመረው ኮሌራ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ እኛም ጋ ደርሷል፣ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በላይ በላይ ከመጣ ቤት ተቀምጦ የሚሞከር ነገር የለም፣ ኦአርኤሱን መንገድ ላይ እየጠጡ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ወደ ፋርማሲው እንመለስ። ብዙው ድንገተኛ የሆድ መታወክ ቫይረስ ወይም የተበላሸ ምግብ ነው፣ በጥቂት ቀናት ራሱ ይሄዳል፣ አንቲባዮቲክ አያሳጥረውም። ፍላጂል የምንለው ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ። ሲፕሮም ያቅለሸልሻል። ማለትም ሰውየው በአራተኛው ቀን ሊሻለው የነበረውን ነገር በኪኒን ወደ ሁለት ሳምንት ያስረዝመዋል፣ ከዛ "ኧረ አልተሻለኝም" ብሎ ጠንከር ያለ ይጠይቃል። በዛ ላይ በግማሽ እየተዋጠ የሚተወው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል፣ ነገ የምር ታይፎይድ ሲይዘው የሚሰራለት አያገኝም።

ታይፎይድ ካልን አይቀር፣ ይሄ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" የሚባለው ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሽ ከተማው ይሄን ወረቀት የሆነ ጊዜ ይዞ ያውቃል። ዊዳል የሚባለው ምርመራ በ1896 እ.ኤ.አ. የተዋወቀ ነው፣ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፣ ሰውነትህ ጀርሙን ለመከላከል የሰራውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው። አንቲቦዲ ደግሞ ከዓመት በፊት ይዞህ ከነበረም ሊኖር ይችላል፣ በወባም በሌላ ኢንፌክሽንም ሊወጣ ይችላል፣ ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰው ብትመረምር ራሱ ፖዘቲቭ ልታገኝ ትችላለህ። በበሽታው የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ የምር ይዞህ እያለ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ለታይፈሱ የሚሰራው ዌል ፊሊክስም ድክመቱ ተመሳሳይ ነው። የምር ታይፎይድ ማለት ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የሆድ ህመም ነው፣ አረጋጋጩ የደም ካልቸር ነው፣ ከደሙ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያየው ምርመራ። ትኩሳት ሳይኖርህ ሆድህን ስለነፋህ ብቻ በአንድ ዊዳል ታይፎይድ ነህ ከተባልክ፣ "ዶክተር፣ ትኩሳት የለኝም እኮ፣ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጨጓራው ጋ ስንመጣ ኤች ፓይሎሪ አለ፣ "ባክቴሪያው አለብህ" የሚባለው። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሀኪም ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም የሚሉትን ሀኪሞች ለማሳመን በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው፣ በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ትውከት ጀመረው፣ ጨጓራውም ተቆጥቶ ተገኘ፣ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙበት። ድፍረቱ ይገርማል፣ ግን ከዚህ ታሪክ ሰው የሚያነሳው ትምህርት ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም፣ እና በደም ምርመራ ፖዘቲቭ መባል አሁን አለብህ ማለትም የምግብ ፍላጎትህን የዘጋው እሱ ነው ማለትም አይደለም፣ ደሙ ላይ የሚታየው አንቲቦዲ ከዳንክ በኋላም ይቆያል። የተሻለው የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን ራሱን አካል ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፣ እሱም ቢሆን ከ2 ሳምንት በፊት ኦሜፕራዞል (አሲድ የሚቀንሰው የጨጓራ ካፕሱል) ካላቆምክ፣ አንቲባዮቲክ ከወሰድክ ደግሞ 4 ሳምንት ካላለፈህ፣ ውሸት ኔጌቲቭ ሊልህ ይችላል። ሀዋሳ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው ኦሜፕራዞሉን ጠዋት ውጦ ሰገራ ሊመረመር የሚሄደው! ከተገኘ ህክምናው ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰዱ ሶስት ወይም አራት መድኃኒቶች ናቸው፣ ከነሱ አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን አፍ ያመራል፣ ሰው በአምስተኛው ቀን ምሬቱን ፈርቶ ያቆማል፣ እና ባክቴሪያው ከነመላመዱ ይቀራል። ኦሜፕራዞሉ ራሱ ሲያምህ ጠብቀህ የምትውጠው አይደለም፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው፣ ለወራት ወስደህ በድንገት ስታቆመው ደግሞ አሲዱ ተነስቶ ቃሩ ይብስሃል፣ ያኔ "አየህ ካለሱ አልችልም" ትላለህ።

ጨጓራ የሚያቆስለው ሌላው ነገር ኪስህ ውስጥ ያለው ዳይክሎፌናክ ነው። ራሴን አመመኝ ዳይክሎ፣ ወገቤን ዳይክሎ፣ ባዶ ሆድ ላይ ዳይክሎ፣ ከዛ ጨጓራ ተነሳብኝ ኦሜፕራዞል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በመጠኑ ከተወሰደ ጨጓራ ላይ እንደዛ አይጨክንም። የባሰው ደግሞ ምግብ አልበላ ያላትን ልጅ "ትወፍሪበታለሽ" ብለው የሚሰጧት ዴክሳሜታዞን ነው፣ ፊት ያሳብጣል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ከዳይክሎ ጋር ሲገናኝ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆም ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። አፒታይት ይከፍታል ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ሳይፕሮሄፕታዲን ያለባቸው አሉ፣ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ የሚያስተኛህም ለዛ ነው። እና ጫት። ከወንዶ ገነት በኩል የሚመጣውን ቀኑን ሙሉ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ "ምግብ ዘጋኝ፣ ሆዴም ደርቋል" ካለ በሽታ መፈለግ አያስፈልገውም፣ ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ረሃብን ያጠፋል፣ ጨጓራ ምግብ የሚለቅበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ከዛ በባዶ ሆድ ጨብሲ ሲገባበት ጠዋት ላይ ያለውን ማቅለሽለሽ ታይፎይድ እንለዋለን። ሐኪም ጋ ሲኬድ ጫቱን ደብቆ መናገር ራስን ማታለል ነው፣ ማንም አይፈርድብህም፣ ንገረው።

አሜባና ጃርዲያ የሚባሉት የአንጀት ጥገኛ ተህዋስያንም አሉ፣ ምልክታቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል። አሜባ ሲያምህ ብዙውን ጊዜ ደምና ንፍጥ ያለበት ሰገራ፣ ምጥ ምጥ የሚል ቁርጠት ነው። ጃርዲያ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ መነፋት፣ ሽታው የሚከፋ ቅባት ያለው የሚመስል ሰገራ፣ ለሳምንታት የሚቆይ፣ ምግብ የሚያስጠላ። ሁለቱም በሰገራ ምርመራ ይታያሉ፣ ናሙናው ትኩስ ከሆነ፣ ጠዋት ቤት ወስደህ ከሰዓት ካደረስክ ላይታይ ይችላል። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ነው፣ ቁራጩ ሲወጣ ታየዋለህ፣ ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን አለው፣ የድሮውን የኮሶ ፍሬ በግምት በጥብጦ መጠጣት መርዝነቱ ይታወቃልና አያስፈልግም።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑስ? እዚህ ጋ ነው ሆድ ሆድ ስንል የሚያመልጠን። ምግብ መጥላት ሆድ ያልሆነ ነገር ምልክትም ይሆናል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ መጀመሪያ ወባ ነው የሚመረመረው፣ ሀዋሳ የወባ አገር ነው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፣ ማስመለስና ምግብ መጥላት ወባ ላይ የተለመደ ነው። ዓይን ቢጫ ካለና ሽንት የኮካ ቀለም ከያዘ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ የወፍ በሽታ ብሎ ቅጠል መጠጣት የተጎዳ ጉበት ላይ ተጨማሪ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ማታ ማታ ካላበ፣ ክብደት ከቀነሰ ቲቢ ይታሰብ፣ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። የወር አበባ የዘገየባት ሴት ኦሜፕራዞል ከመግዛቷ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን የጀመረ ሰው ሆዱ ሊታወክ ይችላል፣ ከምግብ ጋር ቢውጠው ይሻለዋል፣ እንጂ በራሱ አያቁመው። ጭንቀትና ድባቴም ምግብ ይዘጋል፣ ምርመራው ሁሉ ኖርማል ሆኖ እንቅልፍም ደስታም ከጠፋ ወሬውን ወደዛ ማዞር ነው።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ የሚያስኬዱትን ልጻፍ፦ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ (የደም ማነስ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ሰገራቸው ቢጠቁር ከብረቱ ነው፣ ግን ለሐኪሙ ይንገሩት)፣ ምግብ ሲውጡ ጉሮሮ ወይም ደረት ላይ መያዝ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሆድ ህመም፣ የማይቆም ትውከት፣ ሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነበረ የምግብ መጥላት ከሁለት ሶስት ሳምንት ካለፈ "ያው ዕድሜ ነው" አይባልም፣ የጨጓራ ካንሰር የሚጀምረው እንዲህ ዝም ብሎ ነው፣ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጨጓራን ማየት) ያስፈልገዋል። ጋሼ ከሲታ ሆነው ሱሪያቸውን በገመድ እያሰሩ "ጾሙ ነው" ሲሉ ዝም ያልን ቤተሰቦች አለን።

ህጻን ላይ ግን ሂሳቡ ሁሉ ይቀየራል፣ ለትልቅ ሰው ያልኩት ሁለት ሶስት ቀን ለሱ አይሰራም። ልጅ ምግብ እምቢ ካለና ካስቀመጠው ጡቱ አይቋረጥም፣ ኦአርኤሱ በማንኪያ ይሰጣል፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ዚንክ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዛ በታች 10 ሚሊግራም፣ ለ10 ቀን ያህል፣ ተቅማጡ በሶስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቆምም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገህ ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ፣ ፈዞ መጠጣት ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተጠርቶ ይወሰዳል። እና አሁንም በየሰፈሩ ያለ ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም፣ ልጁ ምግብ እምቢ ያለው እንጥሉ ስለወረደ ነው ተብሎ የሚቆረጠው እንጥል፣ ተቅማጡ ከጥርስ ነው ተብሎ ድዱ ተፈልቅቆ የሚነቀለው ገና ያልወጣ ጥርስ፣ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ተቅማጡንም ሆነ ምግብ መጥላቱን አያቆመውም። እትዬ እገሌ እጃቸው ቀላል ነው ከተባለ ልጁን ለኦአርኤሱ ይያዙልን፣ በማንኪያ ሲሰጡ እኮ ትዕግስት ያለው ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፣ እናትየው ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን አትችለውም።